ያልተነቀለው ባትሪ

ቅድመ አያቷ ሰዓት ሠሪ ነበሩ፤ የሰዓት ጀርባ ከፍተው ብሎኖቹን ጮክ ብለው ሳይቆጥሩ መልሰው የዘጉበት ቀን እንደሌለ ይነገርላቸዋል። አያቷ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፤ «ከመብራት ነቅያለሁ» ብለው፣ አጠገባቸው ያለ ሰው «አየሁ» ብሎ ሳይመልስላቸው ጣታቸውን ወደ ሬዲዮ ሆድ አይሰዱም ነበር። አባቷ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ እርሱም የአባቱን ሥርዓት ለላፕቶፕ እንዲስማማ አድርጎ ያዘው እንጂ አልጣለውም። ከዚህ ቤት ወጥቶ የሰው ዕቃ ከፍቶ ዝም ያለ ሰው አልነበረም።

አራተኛዋ ግን ያን ዕለት ዝም አለች። ሐሙስ ነው፤ የምሳ ሰዓት ነው። በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል፣ በመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ፣ የጓደኛዋን ላፕቶፕ በጀርባው አስተኝታ፣ ካቻቢቴ ጨብጣ፣ ከንፈሯን ገጥማ ቆማለች። አምስት ስድስት የክፍል ልጆች ከበዋታል።

ልጆቹ ዋናውን ስሟን ከተውት ቆይተዋል፤ «ኢንጂነሯ» ነው የሚሏት። ባለፈው ዓመት መምህሩ አልበራ ያለ ፕሮጀክተር ይዘው ግራ ሲጋቡ፣ ከኋላ ወንበር ተነሥታ አንድ የላላ ገመድ አጥብቃ ስላበራችው የወጣላት ስም ነው። ስሙን ትወደዋለች። ሲጠሯት ቶሎ ዞር አትልም፤ ሁለተኛ እንዲደግሙላት ትፈልጋለች።

ላፕቶፑ የሚጢጢ ነው። ሚጢጢ በቁመት ከክፍሉ ሁሉ ያነሰች፣ በምላስ ግን ከሁሉም የረዘመች የልብ ጓደኛዋ ናት። ለሳይንስ ትርዒት የምትሠራው ቪዲዮ ግማሽ በደረሰ ቁጥር ማሽኑ ድርቅ ይልባታል። ችግሩን ያወቀችው ኢንጂነሯ ናት፤ ባለሙያዎቹ ራም የሚሉት ሚሞሪ አንሶት ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ መሸከም አቅቶታል። ባዶ መሰኪያ ስላለው ግን ሌላ ራም ይጨመርበታል። ሚጢጢ «አባትሽ ጋ እንውሰደው?» ብትላት «ለዚህ ለዚህማ አባዬን አላስቸግረውም፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ ናት» ብላ የመለሰችው ራሷ ናት።

በቤታቸው ራም ሲጨመር ጥሪ አለ። የሚሠራው ይጠራል፤ የሚያየው ይመልሳል። «ማሽኑን አጥፍቻለሁ።» «አየሁ።» «ቻርጀሩን ነቅያለሁ።» «አየሁ።» ከዚያ የጀርባው ክዳን ይፈታና «ባትሪውን ነቅያለሁ።» «አየሁ።» «ማብሪያውን ተጭኜ የቀረውን ኃይል አራግፌያለሁ።» «አየሁ።» በመጨረሻም፣ የሰው ገላ ሳያውቀው ተሸክሞት የሚዞረው ጥቂት ኤሌክትሪክ ስሱን ዕቃ እንዳይመታው፣ «ብረት ነክቻለሁ።» «አየሁ።» እጅ ወደ ውስጥ የሚገባው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። መልስ ሰጪውም እንዲያው በአፉ አይመልስም፤ ጎንበስ ብሎ በዓይኑ ያላየውን «አየሁ» አይልም።

«ማሽኑን አጥፍቻለሁ» አለች ኢንጂነሯ ሥራውን ስትጀምር፣ ልማድ ሆኖባት።

አልጠፋም ነበር። ሚጢጢ የስክሪኑን ክዳን ገጥማ ነው የሰጠቻት፤ ክዳኑ ሲገጠም ማሽኑ ያንቀላፋል እንጂ አይጠፋም። ይህን ኢንጂነሯ አሳምራ ታውቀዋለች። ሚጢጢ ለመመለስ ጎንበስ ብትል ኖሮ፣ ከጎኑ ቀስ እያለች ብልጭ ድርግም የምትለውን ትንሽ መብራት ታይ ነበር።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለ ከኋላዋ አንድ ረጅም ልጅ።

«ጥሪ ነው። እኔ ስጠራ ሚጢጢ አየሁ ትላለች። እኛ ቤት እንደዚህ ነው የሚሠራው።»

«አውሮፕላን ልታስነሺ ነው እንዴ?»

«ካፒቴን፣ ቀበቶ እንሰር?» አለች ሌላዋ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሚጢጢም ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ጓደኛዋ ላይ ሙድ መያዛቸው አሳዘናትና ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «አቦ ተይው፤ የድሮ ሰዎች ነገር ነው። ዝም ብለሽ ክተቺው» አለቻት።

የኢንጂነሯ ጆሮ ጋለ። በዚያች ቅጽበት በአያቷ አፈረች፤ በእኚያ እጃቸው በብየዳ ጠባሳ በተዥጎረጎረ፣ ከሬዲዮ ፊት ቆመው እንደ ተማሪ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በሚጠሩ ሽማግሌ አፈረች። ድጋሚም አልጠራችም። ቻርጀሩን በዝምታ ነቀለች፤ ዘጠኙን ብሎኖች ፈታች፤ የጀርባውን ክዳን ብድግ አደረገች። የባትሪው መሰኪያ፣ የጥፍር ያህል የሆነ ነጭ ነገር፣ እዚያው ፊቷ ነበር። እርሱን ለመንቀል ቀስ ብሎ ከወዲህና ከወዲያ ማነቃነቅ ይጠይቃል። ረጅሙ ልጅ ሰዓቱን አየ። «አሥር ደቂቃው አላለቀም?» አለ።

አለፈችው። ራሙን ከብርማው ከረጢት አወጣች፤ ወርቃማ ጥርሶቹን እንዳትነካ በጠርዝና በጠርዙ ያዘችው፤ ይህን እንኳ አልዘነጋችም። በሰያፍ አስገባችና ወደ ታች ተጫነችው።

ጠሽ የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማት። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታ። ከእርሷ በቀር ያሸተተው ያለ አይመስልም፤ ልጆቹ ገና ስለ ካፒቴኑ እየቀለዱ ነበር። ክዳኑን መለሰች፤ ብሎኖቹን አጠበቀች፤ ላፕቶፑን አቁማ ማብሪያውን ተጫነች። ምንም የለም። ደግማ ተጫነች። የጎን መብራቷም ጠፍታለች።

«ምን ሆነ?» አለች ሚጢጢ።

«ራሙ ነው» አለች ኢንጂነሯ። «ብልሽት ያለበት ነው የሸጡልሽ።»

ይህን ሳታስበው ነው የተናገረችው። የራሷን ድምፅ የሰማችው እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነው።

ከትምህርት በኋላ ሁለቱ ልጃገረዶች ላፕቶፑን ይዘው ወደ አባቷ የጥገና ክፍል ሄዱ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ በላዩ ጎባጣ መብራት፣ በግድግዳው ላይ በየመጠናቸው የተሰቀሉ ካቻቢቴዎች። አባቷ ማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተቀበላቸው።

«ሚጢጢ፣ አሁንም አላደግሽም?» አለ።

«ቁመቱን ለልጅዎ ሰጥቻታለሁ ጋሼ፤ እኔ አእምሮው ይበቃኛል» አለች ሚጢጢ። አባትየው ስቆ ላፕቶፑን ገለበጠው።

ሲፈታው ጥሪውን ጠራ፤ ልጁም እየተጎነበሰች «አየሁ» አለች። ራሙን አወጣ፤ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አውርዶ ከመብራቱ ሥር ብዙ ቆየ። ከወርቃማዎቹ ጥርሶች ሁለቱ ጠቁረዋል። መሰኪያው አጠገብም አንዲት የሩዝ ፍሬ የምታህል ዕቃ ተቃጥላለች።

«እንዲህ የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው» አለ ቀና ብሎ። «ወይ ራሙ ውስጥ መነካካት የሌለበት ነገር ተነካክቶ ነበር፤ ወይ ማሽኑ ኃይል እያለው ተሰክቷል። ባትሪውን ነቅለሽዋል?»

«አዎ።»

«ጥሪውን ጠርተሻል?»

«ጠርቻለሁ።»

«ማን አየሁ አለ?»

ኢንጂነሯ መልስ ከመስጠቷ በፊት ሚጢጢ ቀደመቻት። «እኔ ነኝ ጋሼ። ሁሉንም አየሁ ብያለሁ።»

አባቷ ራሙን በንጹሕ ወረቀት ጠቀለለው። «እንግዲያው ራሙ ነው» አለ። በዚህ ቤት ጥሪ የተጠራለት ሥራ ቢበላሽ ሠሪው አይጠየቅም፤ የሚመረመረው ዕቃው ነው። ኢንጂነሯ ሌላ ጥያቄ ጠብቃ ነበር፤ ቢቆጣትም፣ ቢጠራጠራትም ደስ ባላት። እርሱ ግን ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፣ «አይዞሽ፤ የሰው ዕቃ በእጅ ላይ ሲሞት እኔንም እስከ ዛሬ ያመኛል። ዲስኩ ደህና ነው፤ የጓደኛሽ ቪዲዮ አልጠፋም። የተቃጠለችውን እቀይራታለሁ» አላት። እጁ የተቀመጠበት ትከሻዋ ከበዳት።

ደጅ ሲወጡ ሚጢጢ ክንዷን ያዘቻት።

«ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንደዚህ የጠቆረው? አለቀ እኮ! ራሙን የሸጡልኝ ሴትዮ ሌላ ይሰጡናል፤ አባትሽ ይሠራዋል፤ ማንም አልተጎዳም።»

«አንቺ ለምን ዋሸሽ?»

«አንቺ ዋሽተሽ ብቻሽን ልተውሽ እንዴ?» አለች ሚጢጢ፣ እውነት ገርሟት። «እኔ ነኝ እኮ ዝም ብለሽ ክተቺው ያልኩሽ።»

ኢንጂነሯ ክንዷን አስለቀቀች። እስከ ቤቷ ያለውን መንገድ ዓይኗን ከእግሯ ሳታነሣ ሄደች። በእራት ሰዓት አባቷ ለእናቷ ሲያወራ ሰማችው፦ «ልጃችን ብቻዋን ከፍታ፣ ሥርዓቱን ጠብቃ፣ ዕቃው ጉድ ሠራት።» እናቷም «ጎሽ የእኔ ልጅ» አለቻት። ኢንጂነሯ ከማዕዱ ቀድማ ተነሣች።

በማግስቱ ዓርብ፣ ትምህርት እንዳለቀ፣ አባቷ ራሙን በኪሱ ይዞ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቃት። ዕቃ ሲመለስ በሰው አይላክም፤ የሠራው ሰው ራሱ ሄዶ ይመልሳል፤ ይህም የቤቱ ሥርዓት ነው።

መለዋወጫ ሻጯ በዕድሜ የገፉ፣ ወገባቸው ግን ያልጎበጠ ሴት ናቸው። ሱቃቸው ከወለል እስከ ጣራ በትንንሽ ሣጥኖች የተሞላ ስለሆነ ሠፈሩ ሁሉ «እማማ ሣጥን» ይላቸዋል። በወጣትነታቸው የአያቷ ተማሪ ነበሩ፤ ከአያቷ ሬዲዮ ፊት ቆመው ከማንም ይልቅ ብዙ ጊዜ «አየሁ» ያሉት እርሳቸው ናቸው። አንድም ራም ሳይፈትኑ አይሸጡም። በራሳቸው አሮጌ ማሽን ላይ ሰክተው ሲያስሮጡት ይውላሉ፤ ካለፈ በኋላ ብቻ ከረጢቱ ላይ በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ «ተፈትኗል» የሚል ወረቀት ይለጥፉበታል።

«አንተ የጌታዬ ልጅ፣ ምን እግር ጣለህ?» አሉ አባቷን ሲያዩት። «ይህችም ከራስህ በለጠች እኮ! ምን እያበላችኋት ነው፣ ሽቦ?»

አባቷ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አጭር ነበር። ወረቀቱን ፈትቶ ራሙንና የመጣበትን ብርማ ከረጢት ከጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላቸው። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይኸኛው አስቸግሮናል። አንድ ላፕቶፕ ይዞብን ሄደ።»

እማማ ሣጥን መነጽራቸውን አድርገው ራሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት። የጠቆሩትን ሁለት ጥርሶች አዩ። ቀጥሎ ከረጢቱ ላይ የለጠፉትን የገዛ ጽሑፋቸውን አነበቡ።

«ይህን እኔ ነኝ የፈተንኩት» አሉ ቀስ ብለው። «ከጧት እስከ ማታ ሮጧል። ደህና ነበር … ይመስለኛል።» ወደ አባቷ ዞሩ። «ጥሪው ተጠርቷል?»

«ተጠርቷል። ልጄ ናት የጠራችው።»

እማማ ሣጥን ወደ ኢንጂነሯ ተመለከቱ። የሚመረምር አስተያየት አልነበረም፤ የሚያምን ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ። «የእርሳቸው የልጅ ልጅ ጠርታ ከሆነማ ነገሩ አበቃ» አሉ። መነጽራቸውንም አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት፤ አደረጉት፤ እንደገና አወለቁት።

«ዓይኔ ነው» አሉ። «ሰሞኑን ቁጥር ይደራረብብኛል። ማሽኑ ስሕተት ጽፎልኝ እኔ አልፌው ይሆናል። ሰው እንዳላስቸግር ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»

«ኧረ እትዬ! በአንድ ራም እንዲህ ይባላል? ፋብሪካ ራሱ ይሳሳታል እኮ።»

«ፋብሪካው በእኔ እጅ አልጻፈም።» ከመደርደሪያው አንድ ሣጥን አወረዱ፤ ውስጡ በብርማ ከረጢት የተሞላ ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ ያው ጽሑፍ አለ። «እነዚህን ሁሉ የፈተንኩት በዚያው ሳምንት ነው። ሌላ ሰው ደግሞ እስኪያያቸው አልሸጣቸውም። እኔም ከእንግዲህ አልፈትንም፤ ይበቃኛል። ነይ የእኔ ልጅ፣ ጥፍርሽ ያልጠቀመኝ እንደሆነ ምን ይሠራልሻል? ወረቀቶቹን ልጠሽ አንሺልኝ።»

በርጩማ ሰጧት። ሣጥኑን ከፊቷ አስቀመጡላት። አባቷ ከጠረጴዛው ወዲያ ቆሞ፣ ለእማማ ሣጥን የዓይን ሐኪም ቤት አድራሻ ሊሰጣቸው በኪሱ እስክሪብቶ ይፈልጋል፤ በፊቱ ላይ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃቸው ሰው ሲያረጁ የማየት ኀዘን አለ።

ኢንጂነሯ የመጀመሪያውን ወረቀት በጥፍሯ ጫፍ አነሣችው። በሚገባ ተለጥፏል፤ ቀስ ብላ ካልሳበችው ይቀደዳል። «ተፈትኗል» የሚለው ጽሑፍ ቀጥ ያለ ነው፤ የድሮ ትምህርት ቤት ጽሑፍ፤ እያንዳንዱ ፊደል እግሩን ተክሎ የቆመ። ጠቀለለችውና ከጎኗ አስቀመጠችው። ሁለተኛውን አነሣች። ሦስተኛውን። እማማ ሣጥን ከጎኗ ቆመው የሚላጡትን ወረቀቶች ያያሉ፤ እጃቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

ፊቷ ተቃጠለ። ሚጢጢ «ማንም አልተጎዳም» ማለቷ ትዝ አላት። በኮምፒውተር ክፍሉ የሳቁት ልጆች ፊት አሁን አንዱም አልመጣላትም፤ ረጅሙ ልጅ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው እንኳ ጠፋባት። ለእነዚያ ስትል ነበር ዝም ያለችው። አሁን ብትናገር አባቷ እዚህ ቆሞ፣ ከአባቱ ተማሪ ፊት፣ ስለ ልጁ የሰጠውን ምስክርነት ይውጠዋል። ከዛሬ በኋላም «ጠርቻለሁ» ስትለው እንደ ትናንቱ ዝም ብሎ አያምናት ይሆናል። ይህ ከሁሉ አስፈራት።

አራተኛውን ወረቀት ያዘች። ግማሹ ተላጠ። ጣቷ ቆመ።

ቀስ ብላ የተላጠውን ጫፍ መልሳ አስተኛችው፤ በአውራ ጣቷ ተጭና አጣበቀችው።

«ምነው፣ አልላጥ አለ?» አሉ እማማ ሣጥን።

«አልነቀልኩትም» አለች ኢንጂነሯ።

«ምኑን?» አለ አባቷ፣ እስክሪብቶውን እንደያዘ።

ከበርጩማው ተነሣች። ቆማ ካልሆነ የምትናገረው አልመሰላትም። ድምፅዋ መጀመሪያ ላይ ቀጠነ፤ ኋላ ግን ራሷ እስክትገረም ድረስ ጠራ።

«ባትሪውን። አልነቀልኩትም። ማሽኑንም አላጠፋሁትም፤ ክዳኑ ስለተገጠመ የጠፋ አስመሰልኩት። ጥሪውን አንዴ ጀመርኩና ልጆቹ ሲስቁብኝ ተውኩት። ሚጢጢ ምንም አላየችም፤ አየሁ ያለችው እኔን ለማዳን ነው፤ እርሷን አትቆጣት አባዬ። ስሰካው ተቃጠለ፤ ሸተተኝም። ከዚያ ራሙ ነው አልኩ።»

ደጅ አንድ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። የአባቷ ፊት ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ መለሰ። ቁጣ ቢሆን ታውቀዋለች፤ ይህ ግን ቁጣ አልነበረም፤ ስለ ልጁ ብሎ በሰው ፊት ያፈረ ሰው ፊት ነበር። ዓይኗን ከዓይኑ ልትሰብር ፈለገች። አልሰበረችም።

ወደ እማማ ሣጥን ዞረች። መነጽራቸው በእጃቸው ነበር። የላጠቻቸውን ሦስት ወረቀቶች ከጎኗ አንሥታ፣ የተጠቀለሉትን በጣቷ እያቃናች፣ አንድ በአንድ ከፊታቸው ዘረጋችላቸው።

«ራሙ ደህና ነበር እማማ» አለች። «ዓይንዎም ደህና ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»